የማይቆራረጥ መንገድ

ቤታችን የገቡት ታጣቂዎች ስክሪኑን ይዘው ኮምፒውተሩን ትተውልን ሄዱ። ስክሪኑ ቴሌቪዥን መስሏቸዋል፤ ሳጥኑን ግን አንዱ በእግሩ ነካ አድርጎ አለፈው። ብርድ ልብሱን፣ የእናቴን ትልቁን ድስት፣ የኔን የክት ጫማ ሳይቀር ሸክፈው ሲወጡ ያ አሮጌ ሳጥን አቧራውን እንደተሸከመ ጠረጴዛ ሥር ቀረ። በሆዴ ደንቆሮዎች አልኳቸው። በአፌ አላልኩም፤ በዚያን ጊዜ ወልድያ ውስጥ የሆዱን በአፉ የሚናገር ሰው አልነበረም።

ለስክሪኑ ማንም አላዘነም። የወሰዱብን ትልቁ ነገር የአባቴ የጭነት መኪና ነበረች። አባቴ መርሳ ተወልደው፣ በረዳትነት ጭነት ላይ ተኝተው አድገው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ መንገድ የተመላለሱ ሾፌር ናቸው። ከሐራ ማሽላና ሽንኩርት፣ ከመርሳ ብርቱካንና ማንጎ ጭነው ደሴ ያደርሳሉ፤ ከደሴ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይዘው ይመለሳሉ። ውርጌሳ ላይ ቆመው ሻይ ካልጠጡ ያ ቀን ቀን አይባልም። እናቴ መኪናዋን "ጣውንቴ" ነበር የምትላት፤ ከኔ ይልቅ እሷ ዘንድ ያድራሉ ለማለት።

መኪናዋ በተወሰደች ማግሥት አባቴ "ወላሂ ሁለተኛ መሪ አልይዝም" አሉና ዝም አሉ። ሐዘን ነው፣ ይወጣላቸዋል ብለን ጠበቅን። ከተማው ተለቀቀ፣ ሱቅ ተከፈተ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ መብራትም መጣ፤ አባቴ ግን አልመጡም። ከሶላት መልስ ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጣሉ። ምግብ ሲቀርብ ሁለት ጉርሻ ወስደው "አልሐምዱሊላህ" ይሉና እጃቸውን ይታጠባሉ። የድሮ ጓደኞቻቸው ሊጠይቋቸው ሲመጡ ከሰላምታ በቀር አይናገሩም። ሰው "ዝም አይነቅዝም" ይላል። ይነቅዛል፤ እኔ አይቻለሁ። ልብሳቸው እየሰፋቸው፣ አንገታቸው እየቀጠነ ሄደ። ከጦርነቱ በሕይወት ወጡልን ብለን እያመሰገንን፣ እሳቸው እዚያው ቤታችን ውስጥ ቁጭ ብለው እየሞቱብን እንደሆነ ገባኝ። አላዘንኩም አልልም፤ ከሐዘኑ ግን ንዴቱ ይበልጥ ነበር። መኪናዋን ወስደዋል፤ አባቴን መርቄ አልሰጣቸውም አልኩ።

ኮምፒውተሩ የኔ ነው። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ተማሪ ሳለሁ አንድ ቢሮ በጨረታ ካስወገዳቸው ዕቃዎች መሀል ነው የገዛሁት። ራም እየጨመርኩ፣ የሞተውን እየቀየርኩ ጌም መጫወቻ አደረግኩት። ሴት ልጅ ጌም ትጫወታለች ብሎ ያልሳቀብኝ የክፍል ጓደኛ የለም፤ ኳስ ጌም ላይ ያላሸነፍኩትም የለም።

መብራት ሲመለስ፣ መሥሪያ ቤታችን ጥግ ከተከመረው ስብርባሪ ውስጥ ጠርዙ የተሰነጠቀ ስክሪን አስፈቅጄ ወሰድኩና ሳጥኑን አስነሳሁት። ከነአቧራው ተነሣ። አንድ የክፍል ጓደኛዬ በፍላሽ ከሰጠኝ ጌሞች መሀል ከባድ መኪና የሚነዳበት አለ። መንገዱ የፈረንጅ አገር መንገድ ነው፤ ሥራው ጭነት ተቀብሎ ከከተማ ከተማ ማድረስ ነው። ለራሴ ድብርት ማባረሪያ ብዬ ከፈትኩት። ምን ይሆናል፣ ኮምፒውተሩ አርጅቷል። መኪናው ትንሽ ሄዶ ቀጥ ይላል፣ ደግሞ ዘሎ አጥር ውስጥ ይገኛል፣ የሞተሩ ድምፅ አብሮ ይቆራረጣል።

አባቴ ከኋላዬ ግድግዳቸውን እንደተደገፉ፣ "አየር ገብቶታል" አሉ።

ዞር ስል ዐይናቸው ስክሪኑ ላይ ነው። "ናፍጣው ውስጥ አየር ገብቷል። አየሩን ካላወጣሽለት እንዲህ እየተንተፋተፈ መንገድ ላይ ነው የሚያስቀርሽ።"

መኪናዋ ከሄደች ወዲህ ከአፋቸው የወጣ ረጅሙ ንግግር ይኸው ነው። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችን፣ ተመልሳ ገባች። ስታለቅስ ሰማኋት።

የጎደለው ግራፊክስ ካርድ ነበር። ሳጥኑ የቢሮ ስለሆነ ለደብዳቤ መጻፊያ እንጂ እንዲህ ያለ ስዕል ለማንቀሳቀስ አልተሠራም። የስዕሉን ሥራ ለብቻው የሚሸከም ካርድ ቢሰካለት መንገዱ ሳይቆራረጥ ይሄዳል። ይህንኑ ለአባቴ ሳስረዳቸው ጥቂት አሰቡና "ፓምፑን መቀየር ነው በይኛ" አሉኝ። አዎ አልኳቸው፣ ፓምፑን መቀየር ነው።

መሥሪያ ቤት ወሬው ቀድሞኝ ገባ። የተጠራቀመ ውዝፍ ደሞዛችን የወጣ ሰሞን ነው፤ ሰው ሁሉ ዱቄትና ዘይት ሲያከማች እኔ ደሴ ወርጄ የጌም ዕቃ ልገዛ ነው። አንዷ ባልደረባዬ እጇን አፏ ላይ ጭና "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም" አለች። አለቃችን በጨዋ ደንብ ወደ ጎን ጠሩኝና፣ ሰው በሚያለቅስበት አገር ጨዋታ ነውር መሆኑን፣ ጦርነቱ ገና እንዳላበቃ፣ ብልህ ሰው ለስደት የሚሆነውን እንደሚያዘጋጅ መከሩኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ውስጤ ግን እየነደደ ነበር። ጦርነት የሚፈልገው እኮ ይህንኑ ነው፤ ከዱቄት በላይ እንዳናስብ። ዱቄቱስ ቢሆን የሚበላው ሰው ከሌለ ለማን ነው የሚከመረው? እቤቴ አንድ ሰው ሁለት ጉርሻ በልቶ እጁን ይታጠባል፤ ለኔ ከዚያ የባሰ ረሀብ አልነበረም።

ደሴ ውስጥ ያገለገሉ የኮምፒውተር ዕቃዎች የሚሸጡባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። ትልልቆቹ ካርዶች ለኔ አይሆኑም፤ የኔ ሳጥን ፓወር ሰፕላዩ ደካማ ስለሆነ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ፣ ከማዘርቦርዱ በሚያገኘው ኃይል ብቻ የሚሠራ ነው የምፈልገው። ባለሱቁ ባለሁለት ማራገቢያ ካርድ አወጣልኝ። ሰክተህ ካላሳየኸኝ አልገዛም አልኩት፤ ተነጫነጨ፣ ሰካ፣ ሠራ። ሻሼን ፈትቼ ጠቀለልኩትና በዘንቢሌ ሽንኩርት ሥር ከተትኩት።

ስህተቴ እሱ ነው፤ መደበቄ። በግልጽ ብይዘው ማን ያየው ነበር? ስመለስ የመንገድ ፍተሻ ላይ ከሚኒባሱ አወረዱንና ዘንቢሉን ሲገለብጡት ከሽንኩርቱ ሥር የተጠቀለለ ነገር ወጣ። ሲፈቱት ያብለጨልጫል፣ ሽቦ ሽቦ ይመስላል። በዚያ ሰሞን በኤሌክትሮኒክስ የሚጠረጠር ሰው ቀላል አልነበረም፤ አብረውኝ የተሳፈሩት ከአጠገቤ ፈቀቅ ፈቀቅ አሉ። ፈታሹ ምንድን ነው አለኝ። ስለ ጌም ብናገር ማን ያምነኛል። የመኪና ዕቃ ነው አልኩት፣ አባቴ ሾፌር ናቸው፣ ከቆሙ ቆዩ። ማራገቢያዎቹን በጣቱ አሽከረከራቸው። የራዲያተር ነው ብሎ ለጓደኛው አስረዳና መለሰልኝ፤ "ይነሡላችሁ" አለኝ። ከልቤ አሜን አልኩ። ከውርጌሳ እስከ ሲሪንቃ ድረስ ዘንቢሉን አቅፌ ተቀመጥኩ፤ ደግሞም ደስ ይለኝ ነበር።

እቤት ስደርስ ካርዱ ለሳጥኑ ረዘመ። የዲስክ ማስቀመጫው ብረት መግቢያውን ዘግቶታል። በሁለት እጄ ይዤ ስታገል አባቴ ከግድግዳው ተነሡ። ጓዳ ገብተው፣ ከመኪናዋ የተረፈችውን የመፍቻ ሣጥን ይዘው ወጡ፤ ከሄደች ወዲህ ነክተዋት አያውቁም። "ያዢልኝ" አሉና የብረት መጋዙን አወጡ። እኔ ማዘርቦርዱ ላይ የብረት ብናኝ እንዳይወርድ በጨርቅ ሸፍኜ ያዝኩ፤ እሳቸው ቀስ ብለው ቆረጡ፣ ጫፉን ሞረዱ፣ እፍ አሉበት። ካርዱ ገባ።

ኮምፒውተሩን ሳበራው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ማራገቢያዎቹ ይሽከረከራሉ፣ ስዕል የለም። ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ነቀልኩ። እናቴ "ተዪው ልጄ፣ ላይሆን ይችላል" አለች። አልተውም አልኩ፤ ጮኼ ነው ያልኩት። ከዚያ ወደ ኋላው ዞሬ ሳይ የስክሪኑን ገመድ የሰካሁት በአሮጌው ቀዳዳ ነው፤ ካርዱ ላይ አልሰካሁትም። ስንቱን ሰው የሳቅኩበት ስህተት እኔው ላይ ደረሰ። ገመዱን ቀየርኩት፤ ስዕሉ መጣ። ጌሙን ከፈትኩትና ጆይስቲኩን ለአባቴ ሰጠኋቸው። መሪ አይደለም ብዬ ቀድሜ ነገርኳቸው፤ መሐላቸውን አውቃለሁ። አገላብጠው አዩት። "እውነትሽን ነው፣ መሪ አይደለም" አሉና "ቢስሚላህ" ብለው ተነሡ።

መንገዱ ፈሰሰ። አባቴ መጀመሪያ አጥር ጣሱ፣ መብራት ጣሱ፣ ከዚያ ለመዱ። ጆይስቲኩ በእጃቸው ነው፤ እግራቸው ግን ወለሉን ይረግጣል፣ ግራው ፍሪሲዮን ይፈልጋል፣ ቀኙ ፍሬን ይይዛል። እናቴ ምንጣፉ አለቀ እያለች ታጉረመርማለች፤ ጣውንቴ ተመልሳ መጣችብኝ ትላለች። ሻይ ደግሞ ታቀርብላቸዋለች።

አንድ ቀን ጌሙ ውስጥ የተበላሸ መኪና መንገድ ዳር ቆሞ አገኙ። አባቴ ፍሬን ያዙና ከኋላው ቆሙ። ከኋላ ያሉት መኪኖች ጥሩምባቸውን አቀለጡት፤ አንዱ መጥቶ ገጫቸው፤ ቅጣት ተጻፈባቸው። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞረው እንዴት ነው የሚወረደው ብለው ጠየቁኝ። እንደማይወረድ ነገርኳቸው። ቅጠልና ድንጋዩን ከየት ላምጣለት አሉ። በኛ መንገድ መኪና ሲበላሽ ከኋላ የሚመጣው ሾፌር ከሩቅ እንዲያውቅ ድንጋይና ለምለም ቅጠል መንገዱ ላይ ይደረደራል፤ ደርሶ ያየ ሾፌርም ምን ሆንክ ሳይል አያልፍም። ይህ ጌም ነው አባ፣ ዞረው ይለፉት፣ ውስጡ ሰው የለም አልኳቸው። "ሾፌር ተበላሽቶበት ቆሞ እያየሁ አልፌ አላውቅም። በሰው አገርም አላልፍም" አሉ።

አላለፉምም። ባገኙ ቁጥር ይቆማሉ፣ ይገጫሉ፣ ይቀጣሉ። በዚህ የተነሣ ጌሙ ውስጥ አንድም ቀን አላደጉም፤ ሌላው ሰው ትልቅ ድርጅት የሚያቋቁምበት ጌም ላይ አባቴ ዘላለም ተቀጣሪ ሾፌር ሆነው ቀሩ። እኔ ልቤ ሊፈነዳ ይደርሳል፤ የድሮ ጓደኞቻቸው ግን ትክክል ናቸው አሉ። ከአሱር ሶላት በኋላ እየመጡ ከኋላቸው አግዳሚው ላይ እንደ ተሳፋሪ ይደረደራሉ። ማርሽ ቀንስ፣ ቁልቁለት ነው፣ ጎማው ጋለ እየተባባሉ ይጨቃጨቃሉ። የፈረንጁን መንገድ ከኛው መንገድ ጋር ያስተያያሉ። አባቴም ይመልሱላቸው ጀመር፣ ይስቁ ጀመር፣ ሳህኑ ላይ ያለውን ይጨርሱ ጀመር። ያቺ ጉድ ያለችኝ ባልደረባዬ አንድ ቀን ለሥራ ጉዳይ ቤት መጥታ አየቻቸው። ምንም አላለችም፤ እኔም ለአንዴ ዝም ብዬ አሸነፍኳት።

ጓደኞቻቸው በሌሉበት ቀን፣ ጌሙ ውስጥ ዝናብ እየዘነበ፣ አባቴ ዐይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ፣ "ቁልፉን እኮ እኔ ነኝ የሰጠኋቸው" አሉ።

ወደ እሳቸው ዞርኩ።

"ማስነሣት አቃታቸው። ያቺ መኪና ከመሪው ሥር ያለችውን ሽቦ ካልነኩላት አትነሣም፤ ከኔ በቀር የሚያውቃት የለም። መሣሪያ ደገኑብኝ። ወጣሁና በእጄ አስነሥቼ ሰጠኋቸው። እንዳይቸገሩም ሽቦዋን አሳየኋቸው።"

እንግዲህ ያን ሁሉ ጊዜ ግድግዳውን ተደግፈው የተሸከሙት ይህን ነበር። እኔ መኪናዋን ብቻ ያጡ መስሎኝ ነበር። እኔም ብሆን አሳይ ነበር አልኳቸው፤ እንኳን አሳዩ፣ በሕይወት አሉልኝ አልኳቸው። ከዚያ ያን መሣሪያ የደገነውን ሰው በማውቀው ስድብ ሁሉ ሰደብኩት፤ እናቴ ከጓዳ ሮጣ መጣች። አባቴ "አስተግፊሩላህ በይ" አሉኝ፤ ፊታቸው ላይ ግን ፈገግታ ነበር። አላልኩም። ያን ዕለት አልቻልኩም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጦርነቱ ተመለሰ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንደሚባለው፣ የመጀመሪያውን ገና ሳንጨርስ ሁለተኛው መጣ። ከሰሜን በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሲሰማ ከተማው በአንድ ጠዋት ጓዙን ማሠር ጀመረ። እኛም ልብስና ዱቄት ቋጠርን። ኮምፒውተሩን ካርዱን ሳልነቅል ጠረጴዛ ሥር ገፋሁት፤ በመንገድ ስንሸሽ አባቴን በምን እንደማቆያቸው እያሰብኩ ነበር። መኪና የለም። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት እስከ ሲሪንቃ እንኳ በእግሯ መድረሷን ተጠራጥሬያለሁ።

የጎረቤታችን ቅጥቅጥ አውቶቡስ ግን በራቸው ላይ ቆሞ ነበር። ባለቤቱ ደሴ ቀርቷል፤ ሾፌሩ የራሱን ቤተሰብ ሊያሸሽ ሄዷል። የጎረቤታችን ሚስት ልጆቿን አሰልፋ፣ የሰፈሩ ሰው ጓዙን ይዞ ከብቦት፣ ሁሉም አውቶቡሱን ያያል። አባቴን ማንም አልጠየቃቸውም። መሐላቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። እሳቸው ራሳቸው ሴትዮዋን ቁልፉ የት እንዳለ ጠየቋት። ለመሐላው ጾሜ እከፍላለሁ አሉ ለእናቴ፣ ቀስ ብለው። ወጥተው መሪው ላይ ተቀመጡና "ቢስሚላህ" ብለው ማርሽ አስገቡ።

መንገዱ ሰው ብቻ ነበር። ጀርባው ላይ ልጅ ያዘለ፣ ፍየል የሚጎትት፣ አልጋ ላይ በሽተኛ የተሸከመ። አባቴ እየቆሙ አነሡ፣ መቆሚያ እስኪጠፋ አነሡ፤ የተረፈውን ደግሞ እያዩ አለፉ። መርሳ የእናቴ ዘመዶች ግቢ በር ላይ ሰው ሁሉ ወረደ። አባቴ አልወረዱም፤ አውቶቡሱን ወደ ወልድያ አዞሩት። ሮጬ የበሩ ደረጃ ላይ ወጣሁ።

መንገዱ ይዘጋል አልኳቸው። ነዳጁ አይበቃም አልኩ። እናቴን ማን ይይዛታል አልኩ። ለሁሉም እሺ እሺ ይላሉ፤ ሞተሩን ግን አያጠፉም። በመጨረሻ እውነቱ ከአፌ ወጣ።

"አባ፣ እኔ ያን ካርድ የገዛሁት ቤት ተቀምጠው እንዲነዱ ነው። በሕይወት እንዲቆዩልኝ ነው።"

"አውቃለሁ" አሉ። "ግን ልጄ፣ ያን ሁሉ መንገድ ስነዳ አንድ ሰው ተሳፍሮብኝ ያውቃል?"

ውረጂ አሉኝ፤ ወረድኩ።

ሞልተው ተመለሱ። አራግፈው ደግሞ ሄዱ። በሄዱ ቁጥር እኔ ይህ የመጨረሻቸው ነው እያልኩ መንገዱ ዳር ቆሜ ስሳደብና ዱአ ሳደርግ ዋልኩ። መግሪብ ላይ ሲገቡ ከአውቶቡሱ የወረዱት ሰዎች የአባቴን እጅ እየሳሙ ነው ያለፉት። እሳቸውን ሁለት ሰው ደግፎ አወረዳቸው። ያን ማታ የቀረበላቸውን በሙሉ በሉ፤ ከኔም ሳህን ወሰዱ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ኮምፒውተሩ እንደተውነው ነበር። አባቴ አልነኩትም። የአውቶቡሱ ባለቤት በዚያው እንዲቀጥሉ ለመናቸውና ይኸው እስካሁን ከወልድያ ደሴ ይመላለሳሉ። ጌሙን አሁን እኔ ነኝ የምጫወተው፤ ትልቅ ድርጅት አቋቁሜያለሁ። መንገዱ ግን ዛሬም አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ነው። አባቴ አርጅተዋል፤ አንዳንድ ቀን ስልኩ አይሠራም፣ አንዳንድ ቀን ከሚገቡበት ሰዓት ያልፋሉ፤ እኔና እናቴ እራት ሳናቀርብ በሩን እያየን እንቀመጣለን።

ትናንትና አመሹብን። እናቴ ከበሩ ዐይኗን ሳትነቅል፣ "ቤት ተቀምጠውልን ነበር እኮ" አለችኝ፣ "አንቺ ነሽ ያስነሣሻቸው።"

አዎ፣ እኔ ነኝ አልኳት።